በር ጀርባ የተጠራቀመው ፌስታል ምን ይሁን?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። ወጥ ቤት በር ጀርባ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ፌስታል አጠራቅሜያለሁ። መጣሉ ያሳዝነኛል፤ አሁን ደግሞ ፌስታል ተከለከለ ተባለ። ቪዲዮ ላይ በካውያ አጣብቀው ቦርሳ ሲያደርጉት፣ በኪሮሽ ምንጣፍ ሲሰሩት አያለሁ። የእውነት ይሰራል? ሰርቼ ለቱሪስት ብሸጠውስ ያዋጣል? ችግኝ ላፈላበት ብዬም አስቤ ነበር። ባለቤቴ ግን ‹ምን አደከመሽ፣ ከሰል ማቀጣጠያ አድርጊው› ይለኛል። ትንሹ ልጄ ደግሞ ከወዳደቀ ነገር አንድ ዕቃ ሰርተህ ና ተብሏል።»

መልስ፦ እህቴ፣ ከባለቤትዎ ሐሳብ ልጀምር። እሱ ቶሎ ያልቃል።

ፌስታል ለማቀጣጠያ አይሆንም። የሚሰራው ከነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ ከሚገኝ ፖሊኢትሊን ነው፤ ክብሪት ሲነካው ቶሎ የሚይዘው ለዚህ ነው። ችግሩ ከሰል ምድጃ ላይ በደንብ አይነድም። ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ይጨሳል። ያ ጥቁር ጭስ ሳይቃጠል የቀረ ነገር ነው፤ ከእሱ ጋር የማተሚያ ቀለሙና የማቅለሚያው ቅመም አብሮ ይወጣል። ፌስታል መስሎ ፒቪሲ የሚባለው ዓይነት ከገባበት ደግሞ የባሰ ነው፤ እሱ ሲቃጠል አሲድነት ያለው ጋዝና ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። ይሄ ሁሉ ቡና እየተፈላ፣ ልጅ አጠገብ ቁጭ ብሎ ነው። ማቀጣጠያ ከጠፋ የደረቀ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ይበቃል። ባሕር ዳር ላይ ቆረቆንዳ አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የማዳበሪያውን አፍ ከመፍታትዎ በፊት አንድ ነገር ይወስኑ፤ የሚሰሩት ዕቃ የት ነው የሚቀመጠው? ቤት ውስጥ ነው ወይስ ፀሐይ ላይ? ሰው ሁሉ «ምን ልስራ?» ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። እኔ ግን መልሴን የምጀምረው ከፀሐይ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፕላስቲክ ረጃጅም ሰንሰለት መሳይ ነገር ነው፤ ጥንካሬውም ከዚያ ይመጣል። የፀሐይ ጨረር ሰንሰለቱን ይበጣጥሰዋል። ለደጅ አገልግሎት የሚመረት ፕላስቲክ ፀሐይ የሚያስችለው ነገር ይጨመርበታል። ፌስታል ግን ከሱቅ እስከ ቤት ብቻ እንዲያደርስ የተሰራ ዕቃ ነው፤ ማን ይጨምርለታል? ከተማችን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። ፀሐይዋ ትለበልባለች። ፌስታል ደጅ ሲውል መጀመሪያ ይገረጣል። ቀጥሎ ሲነኩት ኮሽ ማለቱን ትቶ ይሰነጠቃል። በመጨረሻ እንደ ቅርፊት ይረግፋል። ጠፋ ማለት ግን አይደለም። ደቀቀ እንጂ አለ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ በየቦዩ ጠራርጎ ወደ ጣና ወይም ወደ አባይ ይወስደዋል። ያልደቀቀ ፌስታል በእጅ ይለቀማል። የደቀቀውን ማንም አይለቅመውም። ጣና ደግሞ ስፋቱ ትልቅ ቢሆንም ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። በእምቦጭ የደረሰበት ይበቃዋል።

ስለዚህ ቪዲዮ ላይ የሚያዩትን የአበባ መጋረጃ፣ የአጥር ጌጥ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ የበረንዳ ዳስ፣ ሁሉንም ይተዉት። ሲሰራ ያምራል። ዓመት ሳይሞላው ግቢዎ ውስጥ ይበተናል። ጀልባ ላይ የሚውል፣ ውሃ ውስጥ የሚገባ ነገርም አይስሩ። «ፌስታል ስለሚንሳፈፍ ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቄ መንሳፈፊያ ላድርገው» የሚል ሰው ገጥሞኛል። ይሄ አደገኛ ነው። ፖሊኢትሊን ከውሃ የሚቀለው በጥቂቱ ብቻ ነው። ሰው ተሸክሞ የሚያንሳፍፈው በውስጡ የታመቀው አየር ነው፤ አየሩ ደግሞ ይወጣል።

ሕጉንም ላንሳ። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ይል ነበር። ወረቀት ላይ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ግን መሸጡንም መጠቀሙንም ከልክሏል፤ ቅጣትም አለው። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ «አጥበሽ መልሰሽ ገበያ ይዘሽው ሂጂ» ነበር የምለው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ዘዴ አልነበረም። አሁን ግን ፌስታልን እንደ ፌስታል ይዞ ገበያ መውጣት አያዋጣም። መልኩን መቀየር አለበት።

መጀመሪያ ይለዩት። ማዳበሪያውን ምንጣፍ ላይ ዘርግፉት። ከዚህ በፊት ግን ሕፃን ልጅ ካለ ከክፍሉ ይውጣ፤ ሙሉ ፌስታል ጭንቅላቱ ላይ አጥልቆ ሊታፈን ይችላል። ጥሬ ሥጋና ዓሣ የተያዘበትን ለብቻ ያውጡት። ከሐይቁ ዳር ቆሮሶና አምባዛ የመጣበት ጥቁር ፌስታል ቢታጠብም ሽታው አይለቅም፤ ድመቷ አታስቀምጥዎትም። እሱ ለኪሮሽ አይሆንም።

የቀረውን በእጅዎ ይለዩት። እጅ ውስጥ ሲጨበጥ ኮሽ ኮሽ የሚለው ስስ ፌስታል ጠንካራው ዓይነት ነው፤ ወደ 130 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ለስለስ ያለው፣ የሚያብለጨልጨው፣ ቡቲክ ውስጥ ልብስ የሚይዙበት ወፍራሙ ደግሞ በ110 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ሁለቱ ኪሮሽ ላይ አይጣሉም። ካውያ ላይ ግን አብረው ካስገቧቸው አንዱ ሳይሞቅ ሌላው ይበሳል።

ሦስተኛው አታላይ ነው። ፌስታል ሲከለከል በምትኩ የመጣው፣ ጨርቅ የሚመስለው፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ያለበት ቦርሳ። ብዙ ሰው ጨርቅ ነው ብሎ ያምናል። እሱም ፕላስቲክ ነው፤ ፖሊፕሮፒሊን ይባላል፤ የስንዴና የማዳበሪያ ጆንያ የሚሰራበት ማለት ነው። ወደ 160 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ከፌስታል ጋር አይጣበቅም። ፀሐይ ላይ ከዋለ እሱም እንደ ዱቄት ይበናል። ቤት ውስጥ ከያዙት ግን ለብዙ ጊዜ ያገለግላል። እንዳለ ይጠቀሙበት፤ አይቅደዱት።

አራተኛው ደግሞ «ይበሰብሳል» ተብሎ የተሸጠው ነው። ያዝ አድርገው ሳብ ያድርጉት። ሳይለጠጥ ብጥስ ካለ፣ ወይም ተጣጥፎ በተቀመጠበት መርገፍ ከጀመረ፣ ምንም አይስሩበት። ድካምዎን ይዞ ይረግፋል።

የተጠራጠሩት ቁራጭ ካለ ውሃ ውስጥ ይክተቱት። በጣትዎ ጫን ብለው ያስገቡት፤ አየር እንዳይዝ። ተመልሶ ከተንሳፈፈ ፌስታል ወይም ጆንያ ነው። ከሰጠመ እንደ ጠረጴዛ ላስቲክ ያለ ሌላ ነገር ነው። የሰጠመ ነገር ካውያ አይነካውም። ይህቺን አይርሷት።

ከዚያ እጥበት። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ገልብጠው ያጥቡ፣ ጥላ ላይ ያድርቁ። እርጥበት የቀረበት ፌስታል ሲታጠፍ ይሻግታል።

አሁን ካውያው። ይሰራል ወይ? ይሰራል። እኔ ግን ብዙም አልወደውም፤ ምክንያቱን እነግርዎታለሁ። አሠራሩ ይሄ ነው። የፌስታሉን ጆሮና የታች ስፌቱን ቆርጠው ይጥሉና እንደ ጨርቅ ይዘረጉታል። ከስድስት እስከ ስምንት ንብርብር ይደራርባሉ። ጽሑፍ ያለበት ፊት ወደ ውስጥ ይግባ፤ አለበለዚያ ቀለሙ ካውያው ላይ ይቀራል። ከላይም ከታችም የመጋገሪያ ወረቀት ያድርጉ። ካውያውን ለሰው ሠራሽ ጨርቅ በሚሆነው ሙቀት ላይ ያድርጉና፣ አንድ ቦታ ሳያቆሙ ከመሐል ወደ ዳር ቀስ እያሉ ይግፉት። ይሸበሸባል፣ ይጠባል፤ አይደንግጡ። ገልብጠው ይድገሙት። ከቀዘቀዘ በኋላ ወረቀቱን ሲያነሱ እንደ ቀጭን ቆዳ ያለ ነገር ያገኛሉ። ቀዳዳ ካበጀ ሙቀቱ በዝቷል። ንብርብሩ በጥፍር ከተላቀቀ አንሷል።

ሥራው በረንዳ ላይ፣ ነፋስ ባለበት ይሁን። የከሰል ካውያ በፍጹም አይሆንም፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠሩበት መንገድ የለም። ሲሰፉት ደግሞ የሲንጀሩን ስፌት ያርዝሙት። ስፌቱ ከደቀቀ መርፌው እንደ ቴምብር ዳር በስቶ በስቶ ይቀደድልዎታል።

ታዲያ ለምን አልወደውም? መብራቱ አንድ ነገር ነው። ብዙ ሰዓት ካውያ ሰክተው ከስምንት ፌስታል አንዲት የመጻሕፍት ማሸጊያ የምታክል ቁራጭ ነው የሚያገኙት። ቁራጩ ደግሞ ከታጠፈበት ቦታ እየተሰነጠቀ ይሄዳል። ለደብተር ልባስ፣ ለሰነድ መያዣ፣ ለሜካፕ ቦርሳ ጥሩ ነው። ድንች አይሸከምም።

ኪሮሹ ግን ይሸከማል። ከሁሉ በላይ የምመክርዎት እሱን ነው።

ክሩ እንዲህ ይወጣል። ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው አየሩን በመዳፍዎ ያስወጡት። በቁመቱ ሁለቴ እጠፉት። ጆሮውንና የታች ስፌቱን ቆርጠው ያስወግዱ። የቀረውን በአግድም በሁለት ጣት ስፋት ይቁረጡት። እያንዳንዱ ቁራጭ ሲዘረጋ ቀለበት ይሆናል። አንዱን ቀለበት በሌላው ውስጥ አሳልፈው፣ በራሱ ውስጥ መልሰው ያወጡትና ቀስ አድርገው ይስቡታል። ቋጠሮው ትንሽ፣ ለስላሳ መሆን አለበት። በኃይል ከሳቡት ፌስታሉ እዚያው ቋጠሮው ላይ ይሳሳል፤ ቦርሳው የሚበጠሰውም ከዚያ ነው። እየቀጠሉ እንደ ክር ኳስ ይጠቅልሉት። ስፋቱን እኩል ማድረግ ከቀለሙ የበለጠ ጥቅም አለው። አንዱ ጠባብ ሌላው ሰፊ ከሆነ ሥራው ይጠማዘዛል።

የኪሮሽ መርፌው ወፍራም ይሁን፤ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር። የዳንቴል መርፌ አይሆንም፤ ፌስታሉን ይበጣዋል፣ እጅዎንም ያሳምመዋል። ገበያ ላይ ካጡ አናጢ ከወይራ እንጨት ይቀርጽልዎታል፤ እንዲያውም እንጨቱ ከብረቱ ይሻላል፤ ፌስታል ብረት ላይ ይንቀረፈፋል። ጥልፉን ላላ አድርገው ይስሩ። ከጥጥ ክር ጋር የለመደ እጅ ያጠብቀዋል፤ ካጠበቁ በሚቀጥለው ዙር መርፌው አይገባልዎትም።

ዘንቢል ይስሩ። ለመካከለኛ ዘንቢል እንደ ፌስታሉ መጠን ከ40 እስከ 60 ፌስታል ይፈጃል። ከታች በክብ ጀምረው የፈለጉት ስፋት ሲደርስ ሳይጨምሩ ወደ ላይ ያቁሙት። መያዣውን አጭር ያድርጉት፤ ክሩም ሦስት እጥፍ ይሁን። አንድ የፕላስቲክ ጠባይ አለ፤ ክብደት ሲንጠለጠልበት ቀስ እያለ ይለጠጣል፣ አይመለስም። ከቅዳሜ ገበያ አምስት ኪሎ ድንች ይዘውበት ቢመጡ ምንም አይሆንም። ያንኑ ድንች ይዞ ምስማር ላይ ሲያድር ግን ጠዋት መያዣው ጉልበት ድረስ ወርዶ ያገኙታል። ሲገቡ መሬት ያስቀምጡት።

ምንጣፍስ? ይሆናል። ለአንድ ሰው መተኛ የሚበቃ ምንጣፍ ግን ከ500 ፌስታል በላይ ይበላል። ማዳበሪያዎ ምናልባት ለግማሹ ይበቃ ይሆናል። እግር መጥረጊያ ይስሩ፤ ለመታጠቢያ ቤት በር ጥሩ ነው፤ ውሃ አይዝም፣ ሲቆሽሽ ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል።

ሌላ ሐሳብ ልስጥዎት፤ ቪዲዮ ላይ አላየሁትም። ጠፍሩ የተበጠሰ በርጩማ ቤትዎ ውስጥ የለም? ወይም እናትዎ ቤት፣ ጣሪያ ሥር የተወረወረ? የጠፍር ወንበርና የጠፍር አልጋ እግሩ ሳይነቃነቅ ቆዳው ቀድሞ ነው የሚያልቀው። በፌስታል ገመድ እንደገና ሊጠፈር ይችላል። ከላይ ባልኩዎት መንገድ ክር ያውጡ፤ አራት አራት ክር አንድ ላይ ይዘው ሦስቱን እንደ ሹሩባ ይጎንጉኑ። ጣት የሚያክል ወፍራም ገመድ ይወጣል። ቆዳ ሲሆን እርጥቡን ይወጥሩታል፤ ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል። ፌስታል ተቃራኒው ነው፤ ከተወጠረ በኋላ ይላላል። ስለዚህ መጀመሪያ ልጠጡን ያስጨርሱት። ገመዱን ከፍ ካለ ቦታ አስረው ታችኛው ጫፍ ላይ ግማሽ ውሃ ያለው ጀሪካን ያንጠልጥሉና ያሳድሩት። ጠዋት ረዝሞና ቀጥኖ ያገኙታል። ከዚያ በኋላ በርጩማው ላይ ሲጠፈር እምብዛም አይረግብም። አንዱን አቅጣጫ ሳያሳስቱ ደርድረው ይጨርሱ፣ ከዚያ በሌላው አቅጣጫ አንድ ከላይ አንድ ከታች እያሳለፉ ይግቡበት። ጫፉን በምስማር አይምቱት፤ ምስማር ይቀደዋል። ከታች በኩል ዙሪያውን ጠምጥመው ይቋጩት። ቆዳው የነበረውን ግርማ አይሰጥም፤ ግን ቁጭ ሲሉበት ይመቻል፤ ቤት ውስጥ ስለሚውል ፀሐይ አያገኘውም።

ስፌት የሚያውቁ ከሆነ ደግሞ ሌላ በር አለ። አክርማውና አለላው ከላይ ሆኖ፣ ስንደዶ በሚገባበት መሐል የተጠመዘዘ ፌስታል ይግባ። ወስፌው ትንሽ ያስቸግራል፤ ፌስታል እንደ ስንደዶ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ሲያልቅ ግን ከውጭ ምንም አይታወቅም። እንዲህ ያለ ሥራ ለጌጥ፣ ለክርና መርፌ ማስቀመጫ፣ ለሙዳይ ይሁን። እንጀራና ቆሎ አይቅረብበት። በነገራችን ላይ ስለ ምግብ ካነሳን፣ ጥቁር ፌስታል ብዙ ጊዜ ከምን እንደመጣ ከማይታወቅ ከቀለጠ አሮጌ ፕላስቲክ ነው የሚሰራው፤ ጥቁረቱ ሁሉንም ይሸፍናል። ትኩስ ሽሮና ትኩስ እንጀራ ፌስታል ውስጥ ማስገባት ያቁሙ፤ ክልከላውን መጠበቅ አያስፈልግም። እንጀራውም ቢሆን ወበቁን ይዞ በሁለት ቀን ይሻግታል።

የችግኙን ነገር አልደግፍም። ስሱ ፌስታል አፈርና ውሃ ሲይዝ ይወጠራል፤ ፀሐይ ይመታዋል፤ ችግኙ ለመተከል ሳይደርስ ይቀደዳል። ቁርጥራጩ አፈሩ ውስጥ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ዓመት ጎመን ሲኮተኩቱ ያገኙታል። በምትኩ የወተት ላስቲክ ይጠቀሙ። ወፍራም ነው፤ ቁመቱም ለቃሪያና ለቲማቲም ልክ ነው። ከታች በኩል አራት ቀዳዳ ይብሱት፣ ጥላ ሥር ያስቀምጡት። ግልጽ ከሆነው ይልቅ ብርሃን የማያሳልፈው ይሻላል፤ ሥሩ ብርሃን አይወድም፣ አረንጓዴ ሽበትም አይይዝበትም። ሲተክሉ ላስቲኩን ገፈው ያውጡ። ይሄን የምለው በየክረምቱ የተተከለ ችግኝ ከነላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ ስለማገኝ ነው። ሥሩ እዚያው ውስጥ ሲዞር ይከርምና ዛፉ ይቀነጭራል።

ቁርጥራጩስ? ጆሮው፣ የታች ስፌቱ፣ የተበሳው፣ የዓሣው ፌስታል? ቆራሌ አይወስደውም፤ ክብደት የለውም፣ ይቆሽሻል። ሜዳ ላይ ከተጣለ ላም ትበላዋለች። ላም ፌስታልን ለይታ አትተፋም፤ በተለይ የምግብ ጨው ወይም ትርፍራፊ ከሸተተው ትውጠዋለች። ጨጓራዋ አይፈጨውም፣ አያስወጣውም፤ እየተጠቀለለ ይጠራቀምና መብላት ታቆማለች። ስለዚህ ቁርጥራጩን ሃይላንድ ውስጥ ይጠቅጥቁት። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ ደረቅ። ጣት የሚያክል ጫፉ የከበበ እንጨት ይያዙ፤ ጥቂት ጥቂት እያስገቡ ይግፉ፣ በተለይ ከታች ማዕዘኑን። ሞልቶ ሲያበቃ ሚዛን ላይ ያውጡት፤ ከ165 ግራም ማነስ የለበትም። ይህ እንደ ፌስታሉ ክብደት ከ25 እስከ 30 ፌስታል ነው። ከዚህ ካነሰ ሲጫኑት ይጨማደዳል። ሲሞላ እንደ ጡብ ይጠነክራል።

ጡብ ነው ተብሎ ግን የቤት ግድግዳ አይሰራበት። የእንጀራ ምጣድ አጠገብም አይድረስ፤ እሳት ካገኘው አደጋ ነው። የምመክርዎት ከቤቱ ጠርዝ ሥር፣ ዝናብ በማይነካው በኩል፣ የጭቃ መደብ ነው። ጭቃው በጭድ በደንብ ተቦክቶ ይሰንብት። ሃይላንዱን እያጋደሙ በጭቃ መሐል ይደርድሩት፤ ከላይና ከጎን ሦስት አራት ጣት ውፍረት ያለው ምርጊት ይልበስ። ምርጊቱ ለውበት ብቻ አይደለም፤ ፀሐይን የሚከለክለው እሱ ነው። ሲሰነጠቅ እየመረጉ ይቆዩ። አንድ ሰው ቁጭ የሚልበት መደብ ብዙ ሃይላንድ ይፈልጋል፤ ጎረቤት ካልተባበረ ለብቻ አይሞላም። በችኮላ አይገንቡት።

ትራስና መከዳ መሙያስ ይሆናል? ይሆናል፤ በቀጭኑ ተቆርጦ ከሆነ ይለሰልሳል። ሲንቀሳቀሱበት ግን ይንኮሻኮሻል፤ ሲጃራ ወይም ፍም ከወደቀበትም ቶሎ ይይዛል። ሕፃን የሚተኛበት ላይ አያድርጉት።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ለቱሪስት ልሽጥ ብለዋል። የቱሪስቱ ነገር እንዴት እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል፤ የዘጌ ጀልባ በሚጭነው ሰው ላይ ተመሥርቶ ሥራ መጀመር ከባድ ነው። ቱሪስቱ ቢመጣም የሚፈልገው አገርኛ ነገር ነው፤ ከአክርማው ስፌትና ከደንገል ከተሰራች ትንሽ ታንኳ አጠገብ የፌስታል ዘንቢል ቢያስቀምጡ ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ለእኔ ገበያዎ ሌላ ቦታ ነው። ፌስታል ከተከለከለ ሰው ዕቃውን በምን ይይዛል? ጎረቤትዎ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዎ፣ ጉሊት የምትሸጠዋ እናት፣ ሁሉም ዘንቢል ይፈልጋል። የዝናብ ወቅት ሲሆን ደግሞ ከጨርቅ ዘንቢል ይልቅ የፌስታሉ ዘንቢል ይመረጣል፤ አይርስም።

ዋጋ ሲያወጡ የፌስታሉን ሳይሆን የእጅዎን ያስቡ። አንድ ዘንቢል ቆረጣው፣ ቅጠላው፣ ኪሮሹ ተደምሮ በትርፍ ሰዓት ከተሰራ ቀናት ይወስዳል። ሰው «ከፌስታል ነው እኮ» ብሎ ዋጋ ሊሰብርብዎት ይሞክራል። መልስዎ ጥንካሬው ይሁን፤ ድንች ሞልተው አስይዘው ያሳዩት። መጀመሪያ ሁለት ብቻ ሰርተው አንዱን ራስዎ ይያዙት፤ ገበያ ውስጥ «ከየት ገዛሽው?» ካሉዎት ይቀጥሉ፤ ማንም ካልጠየቀዎት በርጩማዎን ጠፍረው ይረፉ። ኑሮን የሚለውጥ ገንዘብ አይጠብቁበት። የቡና ወጪ ይሸፍን ይሆናል።

የቀረው የልጅዎ ሥራ ነው፤ እሱ ቀላሉ ነው። ካልሲ ኳስ ይስራ። አባቱም እናቱም ያውቁታል። ትንሽ ጨርቅ ጨብጦ ይጀምር፣ በላዩ ላይ ፌስታል እያጠበቀ ይጠቅልል፣ በየመሐሉ በፌስታል ክር በየአቅጣጫው ይሰር። ክብ እንዲሆን አንድ ጎን ብቻ እንዳይጠቀልል ይንገሩት። ጨርቅ ብቻ ከሆነ ኳሱ ድብን ብሎ ይቀራል፤ ፌስታሉ መሐል አየር ስለሚይዝ ትንሽ ይነጥራል። የሚፈልገው መጠን ሲደርስ ካልሲ ውስጥ ይክተተው፣ አፉን ይጠምዝዘው፣ ካልሲውን በላዩ ላይ መልሶ ይገልብጠው፤ ይህንን ካልሲው እስኪያልቅ ይደጋግመው። መጨረሻውን እርስዎ በወፍራም ክር ይስፉለት። ካልሲውን ግን ጥንዱ የጠፋበትን ይምረጡ፤ ጠዋት የአባቱ እግር ባዶውን እንዳይወጣ።